ሁለት ሴት ስለሆንኩበት ክፍል

ለተከበሩ የኢሚግሬሽን ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ደህንነት፣ የወንበርዎም ምቾት እንዴት ነው? እኔ ምስጋና ለጽሕፈት ቤትዎ ይግባውና፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ምድር ቤት፣ ከውስጥ በኩል እጀታ በሌለው በር ጀርባ ደህና ነኝ። በሙያዬ አዋላጅ ነርስ ስሆን በአገርዎ የምኖረው በቋንቋ ተማሪ ቪዛ ነው። የሰባት ዓመት ልጄን ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊዋ አደራ ሰጥቼ ወንድሜን ልቀብር ወደ አገሬ ሄድኩ፤ ቀብሬም ተመለስኩ። ከመሄዴ በፊት በመስኮትዎ ያሉት ሠራተኛ ቪዛዬ ስላልተቃጠለ ወጥቼ መግባት እንደምችል ፈገግ ብለው አረጋግጠውልኛል። ፈገግታው ላይ ማኅተም ሳላስመታ መሄዴ የእኔ ሞኝነት ነው።

ከተመለስኩ ወዲህ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩. የመጀመሪያው ጠያቂ ትሑት ወጣት ነበሩ። ለምን እንደሄድኩ፣ የት እንደምማር፣ ከማን ጋር እንደምኖር በቋንቋችሁ ጠየቁኝ። እኔም መንገዱን ሙሉ ስለማመደው የመጣሁትን ሳልደናቀፍ መለስኩላቸው። በጣም አደነቁኝ፤ መምህሬ እንኳን እንዲህ አሞግሶኝ አያውቅም። ከዚያም እንዲህ የምትናገር ሴት የቀራት ትምህርት ስለሌለ የተማሪ ቪዛ አያስፈልጋትም ብለው በዚያው እስክሪብቶ ጻፉ።

፪. ፈረቃ ሲቀየር ሁለተኛዋ ጠያቂ መጡ። ባፍ ይጠፉ በለፈለፉ ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝና፣ አሁንስ ነቃሁ ብዬ ተንተባተብኩ፤ ግሱን ካለቦታው እየሰነቀርኩ፣ የማውቀውን ቃል እንደጠፋኝ አስመስዬ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ። ወይዘሮዋ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ይህች ሴት ትምህርት ቤት ረግጣ አታውቅም፣ ቪዛውንም አላግባብ ተጠቅማበታለች ሲሉ ደመደሙ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው፤ ማጡን ግን በገዛ እግሬ ፈልጌ ስለገባሁበት ማንንም አልወቅስም።

፫. የሁለቱም የበላይ የሆኑት ሹም ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጠው አነበቡ። ባልደረቦቻቸው እንደማይሳሳቱ ስለሚያውቁም ሴቶቹ ሁለት ናቸው ብለው ወሰኑ፤ አንዷ የተማረችው፣ ሌላዋ በእሷ ስም የተመለሰችው። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እየመጡ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ሌላዋን ሴት የት እንዳደረስኳት ይጠይቁኛል። ውሃ ስጠይቅ ውሃ ይሰጡኛል፤ ቀጥለውም ያንኑ ይጠይቁኛል። መጀመሪያ ሳቅሁ። አሁን አልስቅም። አብሮኝ ተቀምጦ የነበረ አንድ አናጢ ነበር፤ ተጠርቶ ሲወጣ ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ቀረ። የት እንደደረሰ ዘበኛውን ብጠይቀው፣ እዚህ ክፍል ውስጥ አናጢ የሚባል ሰው አልነበረም ብሎ ጃኬቱን አጣጥፎ ይዞት ሄደ።

፬. ማንነቴን ለማጣራት ወደ ልጄ ተደወለ። ስለዚህ አሳቢነትዎ እንዴት ብዬ ላመስግንዎ? ደንቡ አንድ ብቻ ነበር፤ ስልኩ ባለበት ክፍል የሚነገረው ሠራተኞችዎ በሚሰሙት ቋንቋ ብቻ ነው። እኔና ልጄ ግን ስንጣላም ስንታረቅም በራሳችን ቋንቋ ነው፤ በእናንተ ቋንቋ አንድም ቀን አናግሬያት አላውቅም። በቁልምጫ ስሟ ልጠራት አፌን ስከፍት ወይዘሮዋ ጣታቸውን አነሡ። ስለዚህ የወንድሜ ለቅሶ በዘጋው ድምፄ፣ መማሪያ መጽሐፉ እንዳስተማረኝ፣ ደህና እንደሆንኩና በቅርቡ እንደምደርስ ነገርኳት። እሷም እናቷ እንዲህ እንደማታወራ፣ ይህች ሌላ ሴትዮ እንደሆነች፣ እናቷንም እንዲያመጡላት ጥርት ባለ አነጋገር ነገረቻቸው። ስልኩ ተዘጋ። ክቡር ሆይ፣ ለዚህኛው የሚሆን ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

ሹሙ ግን ደስ አላቸው። እናቲቱ ስላልተመለሰች ልጅቷ አሳዳጊ የሌላት ተብላ ተመዝግባለች፤ ጠዋት ከልብስ ሰፊዋ ቤት ይወስዷታል። እኔን፣ ማለትም ሌላዋን፣ በመጀመሪያው በረራ ይመልሱኛል። የምለምንዎ ይህን ብቻ ነው፦ ከዚያ በፊት ለልጄ በቋንቋችን አንዲት ቃል እንድናገር ይፈቀድልኝ። አንዲት ቃል ትበቃታለች።

ይህን ደብዳቤ ወደ አገሩ የሚባረር መንገደኛ ጫማው ውስጥ አድርጎ ያወጣልኛል። በራሴ ቋንቋ የጻፍኩትም በእናንተ ቋንቋ ብጽፈው፣ ቢያምር አንዱ ባልደረባዎ፣ ቢበላሽ ሌላዋ እንዳይቸገሩበት ብዬ ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለደጃፍዎም የማያልቅ ሰልፍን እየተመኘሁ፣ በፈቃድዎ ሁለት የሆንኩት፣ ከሁለቱ አንዷም እንድትገባ ያልተፈቀደላት፣ ትሑት አገልጋይዎ፤

አዋላጇ

ማሳሰቢያ፦ ልጄ ለማታውቀው ሰው በር አትከፍትም፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጠዋት የሚሄዱት ሠራተኞችዎ ታዲያ እንዲከፈትላቸው ብለው እናትሽ ልካን ነው እንዳይሏት አደራ። የትኛዋ ብላ ትጠይቃቸዋለች።