አጎትሽን እምቢ አልኩት

ልጄ ዱረቲ፣ ጌታ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ሻል ብሎኛል። እዚህ እጃጂ ዝናቡ አባርቶ ጤፉ አሽቷል።

አንድ ነገር ከሌላ ሰው ሳትሰሚ ልንገርሽ። የአባትሽ ሙት ዓመት እንዳለፈ አጎትሽ ኦቦ ሂርጳ ሽማግሌ ይዞ መጣ። «የወንድሜን ሚስት እኔ ላግባ፤ የአባቶቻችን ወግ ነው» አለ።

«አከብርሃለሁ፤ ግን ወንድሜ እንጂ ባሌ አትሆንም» አልኩት።

ሽማግሌዎቹ «ወርቅቱ፣ ሰው ምን ይላል?» አሉኝ።

«የፈለገውን ይበል፤ ሂርጳን ባገባ አብሬው የምኖረው እኔ ነኝ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት በሬን አያንኳኳም። ቤተ ክርስቲያን አግዳሚው ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ የለም። ለአንድ ሰው ማብሰል እስካሁን አልለመድኩም፤ ጎመኑ ሁልጊዜ ይተርፈኛል። አንዳንዴ ብቻዬን አለቅሳለሁ፤ ግን አልተጸጸትኩም።

አጎትሽ ደውሎ «እናትሽን ምከሪያት» ቢልሽ አትቆጪው። «እናቴ መልሷን ሰጥታለች» በይው፣ ይበቃል። አንቺም የማትፈልጊውን ነገር ሰው ፈርተሽ እሺ አትበይ።

ዕድሜሽ ይርዘም፣ እንጀራሽ ይባረክ። እሁድ ከአምልኮ ስመለስ ቤቱ በጣም ጭር ይላል። ከተመቸሽ ያን ጊዜ ደውይልኝ፤ ወሬ ባይኖርሽም ድምፅሽን ልስማ።

እናትሽ ወርቅቱ