ዕውቀትን በየርዕሱ ያደራጁት፣ ግን የተበተነባቸው የወይዘሮ ውድነሽ ጴጥሮስ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ውድነሽ ጴጥሮስ ከአባታቸው ከአቶ ጴጥሮስ ሻዎ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እማዋይሽ ወልዴ ኅዳር 12 ቀን 1962 ዓ.ም. በጌጫ ከተማ ተወለዱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው በጌጫ፣ ሁለተኛ ደረጃን በቴፒ ተከታተሉ። በ1985 ዓ.ም. በቤተ መጻሕፍት ሙያ በዲፕሎማ ተመርቀው በሚዛን ተፈሪ በአንድ የሕዝብ ንባብ ቤት ተቀጠሩ።

ሥራ ሲጀምሩ መጻሕፍቱ ወፍራሙ ከወፍራም፣ ቀጭኑ ከቀጭን ጋር ተደርድረው ነበር። ወይዘሮ ውድነሽ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ወለሉ ላይ አውርደው በየርዕሰ ጉዳያቸው መልሰው ደረደሯቸው። ኃላፊያቸው መደርደሪያው ዓይን አይስብም ብለው ሲቆጡ፣ «መጽሐፍ ሊነበብ ነው የመጣው፣ ሊታይ አይደለም» አሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንደበታቸው እንደተፈራ ኖረ፤ እኛ ቤተሰቦቻቸውም አልተረፍንም።

በ1988 ዓ.ም. ከመምህር ሙሴ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ሮዳስንና አልአዛርን አፍርተዋል።

በ2003 ዓ.ም. ከኮምፒውተር መምህሩ ከአቶ ፍሬአብ ጋር ለአካባቢው ገበሬና ነዋሪ ድረ ገጽ ለመክፈት ተነሡ። አቶ ፍሬአብ በሳምንት እንጨርሰዋለን ሲሉ፣ ወይዘሮ ውድነሽ «ሰዉ ምን እንደሚጠይቅ ሳናውቅ ምን ልንጽፍ?» ብለው እምቢ አሉ። ስምንት ወር ሙሉ በገበያ ቀን ወደ ጌጫ፣ ወደ ሸኮና ወደ ቴፒ እየተመላለሱ ጥያቄ ሰበሰቡ። የሰበሰቡትንም በስድስት ርዕስ ከፈሉት፤ የቡና በሽታ፣ ንብና ማር፣ እናትና ሕፃን፣ የመድኃኒት አወሳሰድ፣ ትምህርት፣ መሬትና ውል። በየትኛው ወር በየትኛው ርዕስ ሥር ምን እንደሚወጣ አስቀድመው ያቅዱ ነበር። የትምህርቱ ጽሑፍ ከምዝገባ በኋላ ከወጣ ለማን ይጠቅማል? ድረ ገጹ ከተከፈተ በኋላም ስልክ ያለው ለሌለው ያነብ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ግን ቤተሰቡ ስሙን ለመጥራት የማይፈልገው አንድ መሥሪያ ቤት «እኔ ላስተዳድረው» ብሎ ድረ ገጹን ወሰደ። ገና ሲረከብ «መሬትና ውል» የሚለው ርዕስ ይነሣ አለ። ወይዘሮ ውድነሽ «ሰዉ አብዝቶ የሚጠይቀውን መርጣችሁ ታጠፋላችሁ?» ብለው የርክክቡን ወረቀት አልፈርምም አሉ። የይለፍ ቃሉ ተቀየረ፤ እርሳቸውም የተሰበረ ወንበር ወደሚከማችበት የዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። ስድስቱ ርዕሶች ፈርሰው «ዜና» እና «የኃላፊዎች ጉብኝት» በሚሉ ሁለት ርዕሶች ተተኩ። ያ ሁሉ የተለፋበት ምክር ሪባን በሚቆርጡ ሰዎች ፎቶግራፍ ሥር ተቀበረ።

በቀጣዩ ዓመት የሸኮው ገበሬ የአቶ ይስሐቅ ቡና መጠውለግ ጀመረ። ልጃቸው ማናልሞሽ ድረ ገጹን ብትፈትሽ ምክሩን አጣችው። አቶ ይስሐቅም የታመመውን በቆረጡበት ገጀራ ጤነኛውን ገረዙ። በሽታው በገጀራ እንደሚተላለፍ፣ የታመመው ተነቅሎ እዚያው መቃጠል እንዳለበት ወይዘሮ ውድነሽ አስቀድመው ጽፈው ነበር። ማሳው ደረቀ። አቶ ይስሐቅ ሚዛን ድረስ መጥተው «እኅት ውድነሽ፣ ያንን ጽሑፍ የት አደረሱብኝ?» ሲሏቸው፣ ባላጠፉት ጥፋት አንገታቸውን ደፉ። ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው አሞጽ እኅቱ ሲያለቅሱ ያየው ያን ቀን ብቻ ነው። ይህን ያደረገ ሰው ዛሬ ከመካከላችን ቆሞ ከሆነ ይስማው።

ወይዘሮ ውድነሽ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከሥራ ሲወጡ ከአቶ ፍሬአብ ጋር ሌላ ድረ ገጽ ገነቡ፤ «መሬትና ውል»ንም ከሁሉ በላይ አስቀመጡት። በ2009 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጽሑፎቹን በየርዕሱ አትመው በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ አደሉ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ በጉበት ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ የካቲት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በ48 ዓመታቸው አርፈዋል።

ትናንት ያ መሥሪያ ቤት እዚህ እንዲነበብለት ወረቀት ልኳል። ወይዘሮ ውድነሽ ድረ ገጹን የመሠረቱት «ከኃላፊዎቻችን ጋር በመተባበር» ነው ይላል። መምህር ሙሴ ወረቀቱን ላመጡት ሰው መልሰው፣ «በሕይወት ሳለች አንብባችሁላት ቢሆን መልሱን ከራሷ ታገኙ ነበር» አሏቸው። አልተነበበም፤ አይነበብምም።

ወይዘሮ ውድነሽ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ሰው የነጠቃቸውን ድካም የማይረሳ ጌታ ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ይቀበል፤ እኛንም በተበደለ ሰው ፊት ዝም ከማለት ይጠብቀን። አሜን።