ባለቤት አልታወቀም የተባለችው ናሙና

ለተከበሩ የቲሹ ምርመራ ላቦራቶሪ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ ያለኝን ልባዊ ምኞት እየገለጽሁ፣ የእርስዎን ላቦራቶሪ ውጤት የሚያስጠብቅ ሕመም ከቶ እንዳይነካዎ እመኛለሁ።

እኔ በእንቁልጢ (በሴት እንቁላል ማመንጫ) ካንሰር የምትታከም የአንዲት ልብስ ሰፊ ታናሽ እህት ነኝ። ከቀዶ ሕክምናዋ በኋላ ሐኪሟ ከዕጢው ቁራጭ ወደ እርስዎ ስትልክ፣ «ካንሰሩ የሰውነትን መከላከያ ሠራዊት እንደ መኪና ፍሬን የሚያስይዝበት ምልክት አለ፤ በዕጢው ላይ መኖሩ ይመርመር። ፍሬኑን ለሚለቀው የሙከራ ሕክምና ለመመዝገብ ውጤቱ ግድ ነው» ብላ አስረዳችን። እህቴም «ለካስ ወታደሮቼ ሰንፈው አይደለም!» ብላ ሳቀች።

ስለዚህ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው፦

1. በአሥር ቀን ይደርሳል የተባለውን ውጤት ሰማንያ ሦስት ቀን በማቆየት ትዕግሥት ስላስተማሩን፤

2. ከመስኮት ሦስት ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ምድር ቤት፣ ከምድር ቤት ተመልሶ ወደ ሦስት በመምራት፣ ቁስሏን በእጇ ደግፋ ለምትሄደው እህቴ የታዘዘላትን የእግር ጉዞ ስላሟሉላት፤

3. በመጀመሪያ በሰጡን ወረቀት ፕሮስቴቷ ፍጹም ጤነኛ መሆኑን ስላበሠሩን። እንዳላት እንኳ አናውቅም ነበር።

በመጨረሻ እህቴ ራሷ መጥታ መሳቢያዎቹ እንዲከፈቱ ለመነች። ናሙናዋ «ባለቤት ያልታወቀ» ከተባለው መሳቢያ ውስጥ፣ ስሟና የካርድ ቁጥሯ በጉልህ እንደተጻፈባት ተገኘች። «ባለቤቷ እኔ ነኝ፤ ከሆዴ ነው የወጣችው» አለች። የላቦራቶሪው ባለሙያ አንገቱን ደፍቶ ያን ዕለት ሥራውን ጀመረ፤ ውጤቱም በአራት ቀን ደረሰ።

ምልክቱ በብዛት ተገኘ። ሐኪሟ ሳትደብቅ፣ «ይህ ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ ለአንዷ መልካም፣ ለሌላዋ ክፉ ሊሆን ይችላል። የሙከራው ምዝገባ ግን ከዘጠኝ ቀን በፊት ተዘግቷል» አለችን። እህቴ ቤት ስንገባ ምንም ያልጎደለውን የደንበኛ ቀሚስ ስፌት ተርትራ እንደገና ሰፋችው። አሁን የተለመደውን መድኃኒት እየወሰደች ሌላ ምዝገባ እስኪከፈት ትጠብቃለች።

ከታላቅ አክብሮትና ከመስኮት አምስት ወረፋ ጋር፣
የናሙናዋ ባለቤት ታናሽ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የላኩልን የእርካታ መጠይቅ በሰላም ደርሶናል። «ውጤትዎን ስንት ቀን ጠበቁ?» ከሚለው ጎን የተዉልን ሳጥን አንድ አሃዝ ብቻ ስለሚይዝ፣ እባክዎ ሰፋ ያለ ይላኩልን፤ እህቴ በሕይወት ሳለች ልትሞላው ትፈልጋለች።