መንደሪን ልትገዛ የሄደችው

ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ
ዓርብ፣ ኅዳር 19 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእማዬ፣ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ ይርጉም ኖላዊትም እኔም። አሁን ደግሞ አራተኛ አለችን። ወደ ቻይና ልንሳፈር ስንል ከኤርፖርት ስደውልልሽ «በስልክ ያወራሽኝ ወዲያው ነው የሚጠፋኝ። ስትመለሺ አረፍ ብለሽ ጻፊልኝ፤ እህትሽ ባየሽ እየደጋገመች ታነብልኛለች» ብለሽኝ ነበር። ይኸው አረፍ ብያለሁ። ትናንት ታንክስጊቪንግ የሚሉት የምስጋና በዓል ስለነበር ኖላዊት ዛሬም ትምህርት የላትም፤ ይርጉ ባሌ ግን ሲታክ ኤርፖርት መንገደኛ እያመላለሰ ነው። ስሟን ያወጣሽላት አንቺ ነሽና፣ ልዕልት እንዴት እንደመጣች ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

ባየሽ ጋ ስደውል «እማዬ ጸበል ሄዳለች» ትለኛለች። የት ጸበል? ሩቅ ነው፣ ኔትወርክ የለም። ከቻይና ስደውልም ጸበል፣ ከዚህ ስደውልም ጸበል። የደጃፍሽን ደረጃ መውረድ ያቃተሽ ሴት የትኛውን ተራራ እንደወጣሽ እንጃ። ደግሞ «እህትዬ» ብላ ትጠራኛለች። ባየሽ! ሳትቆጣኝ ስልክ ዘግታ የማታውቀው! እሺ፣ ጸበል ከሆንሽ ያድርግልሽ።

ለምን ከቻይና እያለ የሚጠይቀኝ ሰው አሁንም አልጠፋም። ከኖላዊት በኋላ ማሕፀኔ እንቢ እንዳለኝ ታውቂያለሽ። ከአገር ቤት በማደጎ እንዳናመጣ ሕጉ ዘጋብን። «የማን ዘር እንደሆነች ሳታውቁ» ሲሉ፣ አንቺ ብቻ ነሽ «ምግብ ትበላለች? ትስቃለች? ታዲያ ሂጂ አምጫት» ያልሽኝ። እሱን አልረሳልሽም።

ናንቻንግ ወደምትባል ከተማ ወሰዱን። ሰማዩ እንደ ሲያትል የጠቆረ ነው፤ ሰዉ ግን ዓይኑን ከእኛ ላይ አይነቅልም። መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት የኖላዊትን ሹሩባ ይዘው አልለቅ ቢሏት «ማሚ፣ ሄልፕ!» እያለች ትጮሃለች፣ ይርጉ ቆሞ ይስቃል። እሱም ቢሆን እንደነሱ በሁለት እንጨት መብላት አቅቶት ሩዙን በእጁ ሲጎርስ የሆቴሉ አስተናጋጆች ተሰብስበው ነበር የሚያዩት። ከዚህ በኋላ የሚያስቅ ነገር የለኝም፤ ከፈለግሽ ይቺን ባየሽን ደግመሽ አስነብቢያት።

በማግስቱ አንድ ቢሮ ወስደው አስቀመጡን። ልዕልትን ይዛት የመጣችው ያሳደገቻት ሴትዮ ነበረች፤ ከሕፃናት ማሳደጊያው ተቀብላ፣ ገና በጨቅላነቷ፣ ቤቷ ወስዳ ያሳደገቻት። ፀጉሯ ሸብቷል፣ እጆቿ የሠራተኛ እጆች ናቸው። ልዕልት ሦስት ዓመት አልፏታል። የላይኛው ከንፈሯ ላይ ተሰፍቶ የዳነ ጠባሳ አለ። ሴትዮዋ ልብሶቿን ከከረጢት አንድ ባንድ እያወጣች፣ የቱ ለብርድ የቱ ለቤት እንደሆነ በምልክት አሳየችኝ። ከዚያ አስተርጓሚያችን ወደ እኔ ጠጋ ብላ «አሁን ቀስ ብላ ትወጣለች። ልጅቷ እንዳትረበሽ ነው፤ ሁልጊዜ እንደዚህ ይሻላል» አለችኝ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ለልዕልት የሆነ ነገር ነገረቻት፣ የካፖርቷን ቁልፍ እስከ አንገቷ ቆለፈችላትና ወጣች። ምን አለቻት ብዬ ጠየቅሁ።

«መንደሪን ገዝቼልሽ መጣሁ፣ ነው ያለቻት።»

እማዬ፣ ልጅቷ አላለቀሰችም። እኛም እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ተባብለን ደስ አለን። በሩ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ሆቴል ገብተን ጫማዋን ላወልቅላት ስል እግሯን ሰበሰበች። በጫማዋ ተኛች። ለቪዛዋ ጓንዡ የምትባል ከተማ ስንሄድ ባቡሩ ውስጥም በጫማዋ፣ አውሮፕላኑ ውስጥም በጫማዋ። ሴትዮዋ ስትመጣ ሳትዘገይ ብድግ ለማለት ነው ለካ። እኔ ደግሞ ጫማ ወዳድ ናት ብዬ ስቄባታለሁ።

ጓንዡ ማንን አገኘሁ መሰለሽ? የጎረቤታችንን የጋሽ አበጀን ልጅ! ዕቃ ልታስጭን መጥታ የሆቴላችን በር ላይ ተገጣጠምን። አቅፋኝ አልለቅ አለች፤ እንባዋም አልቆም አላት። ደስታ ነው ብዬ እኔም አለቀስኩ። ይርጉ ክንዷን ይዞ ጥግ ወሰዳት። ሲመለሱ ሳቋ አያባራም፤ ዓይኔን ግን አታይም። ሳልጠይቃት «እማማ ደህና ናቸው፣ በጣም ደህና ናቸው» አለችኝ። ይርጉን ታውቂዋለሽ፣ መዋሸት አይችልበትም። ስልኩ ሲጮህ ውጭ ይወጣል፣ ጺሙን መላጨት ትቷል፣ ሻወር ቤት ገብቶ ውሃውን ከፍቶ ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ። ምን ሆነሃል ብዬ አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው ይነግረኛል። ያኔ የልጅቷ ቪዛ አላለቀም ነበር፤ ሁሉን ጥዬ ወደ አንቺ እንዳልሮጥ ፈርቶ ነው። ይገባኛል። ተናድጄበታለሁም።

አንቺ ለስንቱ ሰው መርዶ ነግረሻል! ልጅ ሆኜ የነጠላሽን ጫፍ ይዤ እከተልሽ ነበር። «ማታ እራቷን በደንብ ትብላ፣ ማንም ምንም እንዳይላት። ሳይነጋ እንሄዳለን» ትያቸው ነበር ሴቶቹን። የሚሰበር ነገር ካለ ከአጠገቧ ይነሳ፣ ጠንከር ያሉ ሰዎች ግራና ቀኝ ይቀመጡ። ሥርዓቱን ሁሉ ያየሁት ከአንቺ ነው።

እዚህ ከገባን ወዲህ ቤታችን ሰው አይጠፋም። ልጅቷን ልናይ ነው ይላሉ፤ የሚያዩት ግን እኔን ነው። ሁሉም «በላሽ?» ይሉኛል። ዛሬ ጠዋት የማኅበራችን ትልቅ ሴት፣ እትዬ ሮማነወርቅ፣ ምስሩንም ሽሮውንም ጎመኑንም ተሸክመው መጡ። የመስታወት ጠረጴዛችንን «ሕፃኗ እንዳትመታው» ብለው ከኖላዊት ጋር መኝታ ቤት አስገቡት።

«ነገ ማለዳ የማኅበራችን ሽማግሌዎች፣ እነ ጋሽ ሀይለየሱስ፣ ልጅቷን ሊመርቁ ይመጣሉ። ማታ እራትሽን ደህና አድርገሽ ብይ፣ ኦኬ?» አሉኝ።

«እሺ እትዬ» አልኳቸው። ሕፃን ለመመረቅ ማን ነው ሳይነጋ የሚመጣ፣ እማዬ?

መንደሪንም ይዘው ነበር። ልዕልት ፌስታሉን ስታይ ከወንበሯ ዘላ ወደ በሩ ሮጠች። ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ አየች። ከእትዬ ኋላ ማንም የለም። ተመልሳ ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች፣ በጫማዋ።

እትዬ ሲሄዱ ኖላዊት መጥታ ፊቴ ቆመች። «ማሚ፣ ሺ ኢዝ ስቲል ዌይቲንግ፤ አሁንም እየጠበቀቻት ነው። ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እሷ ብቻ ናት የማታውቀው። ዋይ? ለምን ጀስት አልነገራችኋትም?»

«እንዳይከፋት ብለን ነዋ።»

«ሶ? አሁን አልከፋትም?»

ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ለልዕልት ብቻም አልነበረም።

ኖላዊት ስልኳ ላይ የሚተረጉም ነገር አላት፤ የጻፍሽለትን በቻይንኛ ይናገራል። ምን ብዬ ልጻፍ አለችኝ። አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ። መርዶ ስትነግሪ አታንዛዢም፣ አትዋሺም፣ እጅ ይዘሽ ነበር የምትናገሪው። ልዕልት ፊት ተንበርክኬ እጇን ያዝኩ። ስልኩ እንዲህ አላት፦ «ያሳደገችሽ እናት አትመለስም። መንደሪን ልትገዛ አልሄደችም። የሄደችው ስለጠላችሽ አይደለም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እኛ አለንልሽ።»

ልጅቷ ስልኩን አየችው። እንዲደግምላት በጣቷ ነካ አደረገችው። ደገመላት። ከዚያ፣ ያን ሁሉ ቀን የት ደብቃው እንደነበር እንጃ፣ ለቅሶዋ መጣ። መሬት ላይ ወደቀች፣ መታችኝ፣ ክንዴን ነከሰችኝ። አልለቀቅኳትም። ኖላዊትም ከኋላ አቀፈቻት። ሲደክማት ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ጫማዋን ፈታሁላት፤ እግሯን አልሰበሰበችም። ተረከዟ ቆስሏል። አጥቤ ቅባት ቀባሁላት።

ደግ ሥራ ሠራሁ ወይ አላውቅም። ስትነቃ ትጠላኝ ይሆናል። ግን ከእንግዲህ ፌስታል የያዘ ሰው በመጣ ቁጥር ወደ በሩ አትሮጥም።

እኔም እራቴን በልቻለሁ፣ ደህና አድርጌ። ይርጉ ሲገባ ምንም አልጠይቀውም፤ ደክሞታል፣ ይተኛ። ነገ እስኪያንኳኩም አልጠብቅም፤ ደረጃው ላይ ኮቴያቸውን ስሰማ እኔው ነኝ የምከፍትላቸው። ጋሽ ሀይለየሱስ መግቢያ ማብዛት ይወዳሉ፤ «ጋሼ፣ እናቴ እንደምትናገረው አድርገው ይንገሩኝ» እላቸዋለሁ።

ለልዕልት ያወጣሽላት ስም ይውጣላት፤ እንደ አንቺ ትጠንክር። ያለሽበት ቦታ አይብረድሽ፣ ደረጃም አይብዛብሽ። ጸሎትሽ ከልጆቼ አይለይ።

ዛሬውኑ ልጽፍልሽ የቸኮልኩት ነገ «እንደምን ሰንብተሻል» ልልሽ ስለማልችል ነው። ዛሬ ግን ማንም ምንም አላለኝም። እስከ ነገ ጠዋት ድረስ፣ እማዬ፣ ደህና ሁኚልኝ።

ልጅሽ
ሠርካለም