እናቴ ክርስትና ያነሣቻት ልጅ

ዘመሮ፣ ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ወንድሜን ተፈራን ጠቁሞ ያስገደለው ጌታነህ ዛሬ ሴት ልጁን ሊያስጠምቅ መጣ። ሰማንያ ቀኗ ነው። ከቀበሌ ሊቀ መንበርነቱ ከወረደ ወዲህ የሚቀርበው ስለሌለ፣ ልጁን ክርስትና የምታነሣለት ሴት አጣ። ቄሱ "የክርስትና እናቷ ማን ናት?" ብለው ሁለቴ ጠየቁ። ሴቶቹ ሁሉ አቀረቀሩ።

"እኔ ነኝ፣ አባ" አለች እናቴ።

ጌታነህ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል "ተው፤ ይልቅ ልጅቱን አምጣት፣ ብርድ ነው" አለችው። ለልጅቱ የሚታሰረውን ማተብ ከጉያዋ አወጣች። ትናንት ስትፈትለው አይቻት ነበር፤ ለማን እንደሆነ ግን አልጠየቅኋትም።

ስንመለስ ጮኽኩባት። "የልጅሽን ደም ረሳሽው?"

"እንዴት እረሳዋለሁ? አባታችን ሆይ ስል፣ 'የበደሉንን ይቅር እንደምንል' የሚለው ላይ ስደርስ አምስት ዓመት ሙሉ አፌ ተሳሰረ። ዛሬ እስከ መጨረሻው አልኩት።"

ምን ዓይነት ልብ እንደተሰጣት እንጃ።

እንግዲህ ጌታነህ አበልጇ ነው፤ ልጅቱም እኅቴ። ለእሱ ብዬ ያስቀመጥኩት ጥይት አሁንም ሣጥኔ ውስጥ አለ። የእኅቴን አባት እንዴት አድርጌ እገድላለሁ?