ሐኪሟ የጠየቀችኝ ጥያቄ

እስራኤል፣ አሽዶድ፣ ሮቫ ዛይን
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ውድ እህቴ ሽባባው፣

መጨረሻውን ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ። ከብብቴ የወጡት አራት እጢዎች ንጹሕ ሆነው ተገኝተዋል። ቀኝ እጄም ደህና ነው፤ ይህን የምጽፍልሽ በእሱ ነው። የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው። እስክሪብቶ ልገዛ ሦስት ፎቅ በሩጫ ወርጄ፣ ሱቁ ደርሼ የመጣሁበትን ረሳሁት።

በስልክ ብነግርሽ ታለቅሻለሽ፤ እኔም አብሬሽ አለቅሳለሁ፤ ነገሩ መሃል ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጻፍኩት። እሑድ ወደ ጎንደር ለሚመጣው ለኤልአዛር እሰጠዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ከበዓላቱ በኋላ ቀኝ ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኘ። ወደ ብብቴ እጢም ተሻግሮ ነበር። ስድስት ወር ኬሞ የሚሉትን የካንሰር መድኃኒት ወሰድኩ። ጸጉሬ ረገፈ፣ ጥፍሬ ጠቆረ፣ ሥራ አቆምኩ። ለአንቺ ግን ምንም አልነገርኩሽም።

ዓርብ ዓርብ ስደውልልሽ "የበሩ ድምፅስ?" ትዪኝ ነበር። የአውቶቡሱ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ትንፋሽ ትወጂዋለሽ። እህቴ ይህን የሚያህል መኪና ትነዳለች እያልሽ ጎረቤት ታሰሚያለሽ። እና ምን አደረግኩ መሰለሽ? ሻሼን አስሬ ወደ ሃኪርያ ሰፈር በሚሄደው አውቶቡስ እሳፈርና በሩ አጠገብ ተቀምጬ እደውልልሽ ነበር። በሩ ሲከፈት ስልኩን ወደዚያ አዞራለሁ። ሹፌሩ ቤንያሚን የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ በመስታወቱ ያየኛል።

"ታንጉት" አለኝ አንድ ቀን፣ "ለበሩም ቲኬት ቁረጪለት። ካንቺ ይበልጥ የሚያወራው እሱ ነው።"

አዎ፣ ዋሽቼሻለሁ። እናታችን ስትታመም አንቺ እንደዋሸሽኝ ሁሉ። ሦስት ወር ሙሉ "ደህና ናት፣ አሁን ተኝታለች" ስትዪኝ ቆየሽ። ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው በሬን ሲያንኳኩ ነው ያወቅሁት። ሁለት ዓመት ስልክሽን አላነሣሁም። "ሩቅ ነሽ፣ ምን ታደርጊ ብዬ ነው" ስትዪኝ ሰበብ መሰለኝ። አሁን በተራዬ እኔ ለራሴ ያልኩት ያንኑ ነው። ሩቅ ናት፣ ምን ታደርጋለች።

ኬሞው ሲያልቅ ቀዶ ሕክምናውን የምታደርግልኝ ሐኪም ጠራችኝ። ኤሊኖር ትባላለች፤ አጭር ሴት ናት፤ ስታስረዳ ወረቀት ላይ እየሳለች ነው። አያ ታከለ አብረውኝ ገቡ። እንደምታውቂያቸው ነው፤ ታላቅ ወንድም ባለበት ሌላው አይናገርም።

ሐኪሟ ብብት ሳለች። ጡቱ ላይ የነበረው መውጣቱ አይቀርም፤ ለብብቱ ግን ሁለት መንገድ አለ አለች። አንደኛው የብብቱን እጢዎች በሙሉ ማውጣት ነው። ብዙ እጢ ሲወጣ ግን እጅ ሊያብጥ ይችላል፤ ካበጠም ዕድሜ ልክ የሚከተል ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ጥቂቶቹን ብቻ አውጥቶ መመርመር ነው። ከኬሞው በፊት በሽታ በተገኘበት እጢ ውስጥ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ብረት ለምልክት አስቀምጠው ነበር። እሱንና አብረውት ያሉትን ያወጣሉ። ንጹሕ ከሆኑ የቀሩት አይነኩም። ካልሆኑ እንደገና ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። "አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?"

አያ ታከለ ብድግ አሉ። "ተነሺ፣ እንሂድ" አሉኝ በአማርኛ። ሐኪሟን አመስግነው በሩን ከፈቱልኝ።

ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ምነው አያ?"

"አልሰማሽም? ምን ትፈልጊያለሽ አለችሽ እኮ።"

"ታዲያ?"

"እናታችንን የጎንደሩ ሐኪም ምን ነበር ያለው? 'የምትፈልገውን ስጧት' ነው ያለው። በዐሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። ሽባባው ናት የነገረችኝ።"

ሳያስቡት ነው ያመለጣቸው። ያኔ እሳቸው ያውቁ ኖሯል ማለት ነው። አንቺም ለእሳቸው ነግረሽ እኔን ዘልለሻል። ልቆጣ ፈለግሁ፤ ግን አምኛቸው ስለነበር ለቁጣ ጊዜ አልነበረኝም። እኛ የምናውቀው ሐኪም ያዛል፣ በሽተኛ ይቀበላል። ሐኪም ዞሮ በሽተኛውን ከጠየቀ ነገሩ ከእጁ ወጥቷል።

"በሙሉ ታውጣው በያት" አሉኝ። "ምናልባት ትተርፊ እንደሆነ።"

"እጄስ?"

"ከሞትሽ በኋላ እጅ ምን ያደርግልሻል?"

አራት ቀን እጄን ሳይ ሰነበትኩ። መሪውን የማዞረው በእሱ ነው፤ በሩን የምከፍተው በእሱ ነው። ካበጠ አውቶቡስ ያስነዱኝ አያስነዱኝ አላውቅም ነበር። ደግሞ ወዲያው፣ ለምትሞት ሴት ምን አውቶቡስ እላለሁ።

በአምስተኛው ቀን ጋሊያ ደወለች። የሆስፒታሉ ነርስ ናት፣ እዚህ የተወለደች የእኛው ልጅ። ዶዳ ትለኛለች፤ አክስቴ ማለቷ ነው። አንቱታ አልለመደባትም።

"ዶዳ ታንጉት፣ ወሰንሽ?"

"ጋሊያ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ስንት ጊዜ ቀረኝ?"

"ለምኑ?"

"ለመሞት።"

"ማን ነው እንደዚህ ያለሽ?"

"ሐኪሟ ምን ትፈልጊያለሽ አለችኝ።"

ሳቀች። ሳቋ አናደደኝ፤ ሳቋን ስትጨርስ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። "ዶዳ፣ የጠየቀችሽ መድኃኒቱ ስለሠራ ነው። በምስሉ ላይ እጢዎቹ ጤነኛ መስለዋል። ባይሠራ ኖሮ አትጠይቅሽም ነበር። ሁሉንም ታወጣው ነበር፣ አለቀ።"

"እንደገና በዪው።"

"ባይሠራ ኖሮ አትጠይቅሽም ነበር።"

ሽባባው፣ እንዴት ልንገርሽ። ሻሼን ሳላስር በራሰ በራዬ ወጣሁ። ሁለት መንገድ ተሻግሬ አያ ታከለ ቤት እስክደርስ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ነበር። ስድስት ወር ስደብቀው የኖርኩትን ራስ ማየት ላማረው ሁሉ አሳየሁት። እሳቸው ከሕንጻው በታች አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀምጠዋል።

"ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የወጣሽው?" አሉ እየተነሡ።

"አያ፣ የጠየቀችኝ ስለምድን ነው።"

የጋሊያን ቃል ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

"እና ምን ልትያት ነው?"

"ጥቂቱን ብቻ ታውጣ።"

"በሽታው እዚያው ቢቀርስ? ይልቅ በሙሉ..."

"ከቀረ ተመልሼ እገባለሁ። እጁ የእኔ ነው አያ።"

ቃላቸውን አቋርጬ ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጎረቤቶቻቸው መሬት መሬት አዩ። አያ ታከለ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"እንግዲህ ሹፌሯ አንቺ ነሽ" አሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀዶ ሕክምናው ተደረገልኝ። ከዚያ ውጤት መጠበቅ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጋሊያ ደወለች፤ "ዶዳ ታንጉት" ብላ ጀምራ አማርኛው ጠፋባት፤ በዕብራይስጥ "ሀኮል ናኪ" አለችኝ። ሁሉም ንጹሕ። ምልክት ያለበት እጢ ላይ እንኳ የተገኘው ጠባሳ ብቻ ነው።

ወዲያው ለአያ ታከለ ደወልኩ።

"ሐኪሟስ ምን ጠየቀችሽ?" አሉኝ።

"ገና አላየኋትም። ጋሊያ ግን ሥራ መቼ ትመለሻለሽ ብላኛለች።"

"ይኼ ጥሩ ጥያቄ ነው" አሉ፣ እና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ሲያለቅሱ መሰማት አይወዱም።

የጨረር ሕክምና ይቀረኛል። በሽታው አይመለስም ብሎ የሚምልልኝ የለም፤ እኔም አልጠይቅም። አንቺን ግን ሁለት ነገር እጠይቅሻለሁ። ለእነዚያ ሁለት ዓመታት ይቅር በዪኝ። ደግሞም ብታመሚ፣ ጉልበትሽን እንኳ ቢሆን፣ ለአያ ታከለ ሳይሆን ለእኔ ንገሪኝ። እኔም ከዛሬ ጀምሮ እነግርሻለሁ፤ ይኸው ጀመርኩ።

ሥራ በተመለስኩ በመጀመሪያው ዓርብ፣ ማሪና ከሚሉት የጀልባ ማቆሚያ አጠገብ ካለው የመጨረሻ ፌርማታ እደውልልሻለሁ። ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ አውቶቡሱ ባዶ ይሆናል። በሩን ሁለት ጊዜ ስከፍት ትሰሚያለሽ፤ ሁለቱንም በቀኝ እጄ። ጎረቤቶችሽን አስቀድመሽ ጥሪያቸው።

እህትሽ ታንጉት፣
ሹፌሯ