ለአንድ ኩባያ ውሃ የቀረበ ይቅርታ

ለክብርት ወይዘሮ ዶርካስ ኬሙንቶ
የትዊጋ መኖሪያ ግቢ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
ኪቴንጌላ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ባለቤትዎ፣ ልጅዎ ካይል፣ ሦስቱም ፎቶ አንሺዎችዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሰኞ ዕለት በቤቴ በር ላይ ያስለጠፉት ደብዳቤ ደርሶኛል። የልጅዎን አምስተኛ ዓመት ልደት በውሃ ስላበላሸሁ በሰባት ቀን ውስጥ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ እስከዚያም የስድስት ዓመት የልጅ ልጄ ካቫታ መጫወቻ ሜዳው ውስጥ እንዳትገባ መታገዷን ይገልጻል። ማኅተሙ ሁለት ጊዜ ስለተመታበት ጉዳዩ የዋዛ እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ ስለዚህ እነሆ፣ ቀኑ ሳያልቅ ይቅርታዬን ይዤ ቀርቤያለሁ።

አስቀድሞ ግን አንድ ማቅለያ ይያዝልኝ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። ልደት ላይ ሳልገኝ የዋልኩበት ሳምንት ትዝ አይለኝም፤ ዋናው ልደት ላይ ማለቴ ነው፣ እናት የምትጮህበት፣ ልጅ የሚያለቅስበት፣ ማንም ደግሞ ለፎቶ ሲባል ድጋሚ አልቅስ የማይባልበት። በአንዱም ላይ የሜዳ አህያ አላየሁም። ያጠፋሁት እንግዲህ ከልምድ ማነስ ነው ብለው ይለፉኝ።

ጥፋቶቼም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የሜዳ አህያዎን በስሟ ጠርቻታለሁ። እንደሚያውቁት በግቢያችን ቧንቧ ከመጣች የምትመጣው ማክሰኞ ነው፤ በቀረው ቀን የምንጠጣው ባባ ሌማያን በአህያው በሴራፊና ጭኖ የሚያመጣልንን ነው። ቅዳሜ ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዤ እስከ ቀትር ደጅ ብቆም ወፍ የለም። መድኃኒት ልገዛ ስወጣ ሴራፊናን እርስዎ ደጅ አገኘኋት፤ በኖራና በጥቁር የጫማ ቀለም ተዥጎርጉራ ቆማለች። ባባ ሌማያንም አጠገቧ የአዳኝ ባርኔጣ ተደፍቶለታል። «ሴራፊና! ምን አደረጉሽ?» ብል፣ ሽማግሌው አንገቱን ደፍቶ «ሲስተር፣ እባክሽ ዝም በይ፤ ዛሬ አህያ አይደለችም» አለኝ። ከአጥራችን ማዶ እውነተኞቹ የሜዳ አህዮች በየጠዋቱ በነፃ ሲግጡ እናያለን። ግን እነሱ ቁሙ ቢባሉ አይቆሙም፣ የልደቱ ጨዋታ «ሳፋሪ»፣ የዱር አራዊት ጉብኝት፣ መሆኑም አይገባቸውም። አርቆ ማሰብዎን አደንቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ፏፏቴዎን በክፉ ዓይን አይቻለሁ። ከፕላስቲክ ድንጋይ ላይ እየተንዠቀዠቀ ይወርድ የነበረው ውሃ ከግቢው የጋራ ታንከር የተሳበ መሆኑን የተረዳሁት ወደ ቤቴ ስመለስ ነው። ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ገልብጦ በተቀመጠበት ዕለት፣ ቢያንስ ውሃ ምን እንደሚመስል እንዳንረሳ ስላደረጉን እግዜር ይስጥልኝ። ወደ ቤቴ ስመለስም ብዬ የለ፤ እሱም ቢሆን ቀላል አልነበረም። በገዛ መንገዴ ላይ አንድ የማላውቀው ጎረምሳ የእንግዳ ሪባን እጅሽ ላይ ካልታሰረ አታልፊም ብሎኝ፣ ሪባን የታሰረለት የጎረቤት ልጅ እጄን ይዞ እንደ እንግዳው አሳለፈኝ።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁምና፣ የካቫታ ቀሚስ ነው። የልጅቱ እናት ሞምባሳ ሥራ ላይ ስላለች ልጅቱ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። የጥሪ ወረቀትዎ ሲደርሳት ሦስት ቀን ትራሷ ሥር አድርጋው ተኝታለች። ወረቀቱ እንግዶች ሁሉ የሳቫና ሣር ቀለም እንዲለብሱ ያዛል። ከየት ላምጣ? የመኝታ ቤቴን ካኪ መጋረጃ ቀድጄ በእጄ ሰፋሁላት፤ ኪስም አወጣሁለት፣ ለከረሜላው ብላ ስለለመነችኝ። በርዎ ላይ ግን ዘበኛው ዋፉላ አንዲት የቀለም ናሙና ካርድ ተሰጥቶት ኖሮ ከቀሚሷ ጋር አስተያየው። «ሱሱ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ፤ የግቢው ልጆች እንዲህ ይሉኛል፣ አያት ማለታቸው ነው፤ እሱም ከእነሱ ለምዶ። «ይሄ የሣር አይደለም፣ የጭቃ ነው፤ ፎቶውን ያበላሻል ተብያለሁ።» ዋፉላን አልቀየምኩትም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። ካቫታ አላለቀሰችም፤ ኪሷን በእጇ ሸፍና ወደ ቤት ተመለሰች። ልጅ ሳያለቅስ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ አዋላጅ ያውቃል።

አራተኛ፣ በአጥሩ ቀዳዳ አይቻለሁ። ኬኩ የኪሊማንጃሮ ተራራ ሆኖ ከአናቱ ጢስ ሲተፋ፣ ባለ ልደቱ በአንበሳ ጎፈር ውስጥ ላቡ እየተንቆረቆረ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ሲያለቅስ አይቻለሁ። እርስዎም ስልክዎን እንደያዙ «ካይሌ፣ ውጣና ደንገጥ በል፤ አይ እንደሱ አይደለም፣ እየሳቅክ ደንገጥ በል!» ሲሉት ሰምቻለሁ። ጆሮዬን አለመድፈኔ ጥፋት ነው።

አምስተኛውና ዋናው ውሃው ነው።

ክብርት ሆይ፣ በአገራችን ልደት ማለት ምን እንደሆነ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ኬክ ኖረም አልኖረም፣ ባለ ልደት ውሃ ይደፋበታል። የሆስፒታላችን ሜዲካል ዳይሬክተር በሃምሳ ዓመታቸው ከነክራቫታቸው በባልዲ ተነክረዋል፤ ቄሳችንም ከቅዳሴ ሲወጡ አልቀረላቸውም። የተደፋበት ሰው ይጮኻል፣ ያባርራል፣ ይስቃል፤ በዚያች ቅጽበት ሁሉም በእሱ መወለድ ደስ እንዳለው ያውቃል። እርስዎ ግን በጥሪው ወረቀት ሰባተኛ አንቀጽ «ውሃ መድፋት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ብለው አሳተሙ። የጎፈሩ ኪራይ ውድ ነው አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ አንበሳ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ኩሽናዬ ገባ። «ሱሱ፣ ውሃ አለሽ?» አለኝ። ጠምቶታል ብዬ ከእንስራው ያለችኝን የመጨረሻዋን አንድ ኩባያ ቀዳሁለት። ልጁ አልጠጣትም። ጎፈሩን አውልቆ መሬት ጣለ፣ ኩባያዋን ለካቫታ ሰጣት፣ አንገቱን ደፋ። «አምስት ሞላኝ እኮ! ማንም አልደፋብኝም» አላት። ካቫታ ወደ እኔ አየች። ክብርት ሆይ፣ ያን ጊዜ አንቀጽ ሰባትን መጥቀስ ነበረብኝ፤ እኔ ግን «ድፊበት» አልኩ። ደፋችበት። ከዚያ በኋላ የሳቀውን ሳቅ እርስዎም ድግሱ መሃል ሆነው ሳይሰሙት አልቀሩም፤ ልጁ በዚያ ቀን የሳቀው ያንን አንድ ሳቅ ብቻ ነውና።

የቀረው እንደሚያውቁት ነው። ሳቁን የሰሙ ልጆች መጡ፣ ሁለቱን ይዘው እየጮሁ ተመለሱ፣ ከፏፏቴው በኬክ ሳህን እየቀዱ ተራጩ። የሜዳ አህያዋም ደረሳት፤ ኖራው ታጠበ፣ ጥቁሩ በሆዷ ሥር ተንጠባጠበ። ሃያ ልጆች በአንድ ድምፅ «ሴራፊና ነች! ሴራፊና!» ብለው አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። ሦስቱ ፎቶ አንሺዎች ለደኅንነታቸው ካሜራቸውን በሸሚዛቸው ሸፈኑ። በዚህም የዕለቱ ትልቁ ደስታ ያለ ፎቶ ቀርቷል፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ስለዚህ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ኩባያዋ ትንሽ ስለነበረች ይቅርታ። ጀሪካኖቼ ባዶ ባይሆኑ ኖሮ አንዱን ሙሉ እደፋበት ነበር። ለመጋረጃውም እርስዎን ይቅርታ መጠየቅ ካለብኝ፣ እሺ።

በልዋጩ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ካቫታ ይኸው አምስት ቀን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የመጫወቻ ሜዳውን በር ይዛ ትቆማለች። ዋፉላ እንዳያባርራት ፊቱን ያዞራል፤ እሷ ደግሞ እሱን እንዳይቆጡት ብላ አትገባም። በእኔ ላይ የፈለጉትን ይፍረዱ። ልጅቱን ግን ነገ ያስገቡልኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ በግማሽ የተሸፈነ መስኮቴ ሥር ሆኜ፣ በጥሩ ጤናዎና በጥሩ ማኅተምዎ እየተደሰትኩ፣

ሲስተር ፐሪስ ንዱኩ
የቤት ቁጥር 17፣ የቀድሞ አዋላጅ፣ የአሁን ጥፋተኛ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ካይል በዚያው ቀዳዳ መጥቶ ስድስተኛ ልደቱን እኔ ኩሽና ውስጥ ማድረግ እንደሚፈልግ ነገረኝና ተጋባዦቹን አጻፈኝ፦ ካቫታ፣ ሴራፊና፣ ዋፉላ። ትንሽ አሰበና «እማዬንም ጻፊያት፤ ባለፈው ስላልመጣች» አለኝ። እኔም፣ እውነቱ ይነገር ብዬ፣ እርስዎ ቀኑን ሙሉ እዚያው እንደነበሩ አስረዳሁት። «አይ ሱሱ» አለኝ፣ «በስልክ እየቀረጸች ነበር እኮ።» እንግዲህ ተጠርተዋል፤ የቀሚስዎ ቀለም የፈለገው ይሁን፣ ኩባያ ግን ይዘው ይምጡ።